ጠርዙ የተከረከመ ካርድ በጨረታ ሲሸጥ ተጠያቂው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የማይክል ጆርዳንና የኮቢ ብራያንት ፊርማ ያረፈበት አንድ የቅርጫት ኳስ ካርድ፣ ማለትም የተጫዋች ሥዕል ታትሞበት ሰዎች የሚሰበስቡት ትንሽ ወረቀት፣ በአሜሪካው ሄሪቴጅ ጨረታ ቤት 12.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካርዱ ሐሰተኛ ቢሆንስ?» ብሎ ነው። ገበያውን ለዓመታት ሲያውክ የኖረው ግን ሐሰተኛ ካርድ ብቻ አይደለም። በእውነተኛ ማተሚያ ቤት፣ በትክክለኛው ዓመት ታትሞ፣ ቆይቶ በሰው እጅ የተስተካከለ ካርድ ከሐሰተኛው ይልቅ ለመለየት ይከብዳል። ጠርዙ ተከርክሞ፣ እጥፋቱ ተጭኖ ጠፍቶ ወይም ቀለሙ ተነካክቶ፣ ይህ ሳይነገር «እንደተፈጥሮው የቆየ» ተብሎ ይሸጣል።

ሁለተኛው ውዥንብር ኃላፊነትን ይመለከታል። ካርዱ በመርማሪ ድርጅት በፕላስቲክ ታሽጎ የደረጃ ቁጥር ከተለጠፈበት ጉዳዩ አበቃ ተብሎ ይታሰባል። ስህተት ሲገኝም ጣት የሚቀሰረው ወደ ከርካሚው ወይም ወደ ደረጃ መዳቢው ነው፤ በመሃል ሆኖ ከሻጭም ከገዢም የሚቀበለው ጨረታ ቤት ብዙም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከሦስቱ ወገኖች ማስረጃውን በእጁ የያዘው ጨረታ ቤቱ ስለሆነ የመናገር ግዴታውም ከማንም ይልቅ በእሱ ላይ ይከብዳል ብሎ ነው።

ዋጋው ያለው ጠርዙ ላይ ነው

ደረጃ ምደባ ማለት ገለልተኛ ድርጅት ካርዱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ሰጥቶ፣ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ መመለስ ነው። በ1991 የተቋቋመው ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ፣ ቤኬትና ሲጂሲ በሥራው የታወቁ ናቸው። የሚመዘኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የአራቱ ማዕዘኖች ሹልነት፣ የጠርዝ ንጽሕና፣ የገጽታው አንጸባራቂነት፣ ሥዕሉ በነጩ ክፈፍ መካከል በእኩል ርቀት መቀመጡ።

ከፍ ባሉት ደረጃዎች ላይ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ለመለየት እጅግ ይከብዳል፤ ዋጋው ግን እጥፍ፣ አንዳንዴም ብዙ እጥፍ ይዘላል። በ1952 ቶፕስ የተባለው ካርድ አሳታሚ ካሳተመው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ 9.5 ደረጃ ያገኘው አንዱ በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ የዚያው ካርድ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ቅጂዎች የሚሸጡት በአስር ሺዎች ዶላር ነው። ሥዕሉ፣ ወረቀቱና ዓመቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሁኔታው ነው። የማዕዘን ሹልነት ሚሊዮኖች የሚያወጣበት ገበያ ላይ ማዕዘን ለማሾል የሚነሳ እጅ አይጠፋም።

ካርድ እንዴት ይለወጣል

በብዛት የሚሠራው ክርከማ ነው። ከጊዜ ብዛት የደበዘዘ ማዕዘን ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ጠርዝ ሲቆረጥለት እንደገና ይሾላል። ሥዕሉ ወደ ቀኝ አድልቶ የታተመ ከሆነ ደግሞ የግራውን ሰፊ ክፈፍ መቁረጥ ሥዕሉን ወደ መሃል ያመጣዋል። አንድ ቆረጣ ሁለት ጉድለት ያስተካክላል ማለት ነው።

«ለካው፣ ካነሰ ተቆርጧል» የሚለው መፍትሔ ቀላል ቢመስልም ሁልጊዜ አይሠራም። ቶፕስ ከ1957 ጀምሮ የተጠቀመበትና ዛሬ መደበኛ የሆነው መጠን 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ነው፤ የ1952ቱ ግን 66.7 በ95.25 ነበር። ከ1909 እስከ 1911 በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይወጡ የነበሩት ቲ206 የተባሉት ካርዶች በግምት 36.5 በ66.7 ናቸው። በግምት የተባለበት ምክንያት አለው። ካርዶች በትልቅ ሉህ ታትመው፣ ሉሆቹ ተደራርበው በከባድ ቢላ ስለሚቆረጡ ቢላው ትንሽ ሲሸሽ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ይወጣል። ከርካሚ የሚፈልገው ከፋብሪካ ሰፋ ብሎ የወጣውን ነው፤ ያ ካርድ ከተቆረጠ በኋላም ትክክለኛውን መጠን ይይዛል። በተቃራኒው ማንም ሳይነካው ከፋብሪካው ጠቦ የወጣ ካርድም አለ። ፒኤስኤ ለመመደብ እምቢ ሲል ከሚጠቀምባቸው መለያዎች መካከል «የክርከማ ምልክት ታይቷል» የሚለው ኤን1 እና «ዝቅተኛውን መጠን አያሟላም» የሚለው ኤን6 ተለይተው የተቀመጡት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከልኬቱ በላይ የሚመሰክረው ጠርዙ ነው። የመቶ ዓመት ወረቀት ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጠርዙም ይጠይማል። አዲስ የተቆረጠ ጠርዝ በ10 እጥፍ ማጉያ ሲታይ ከፊቱ ይልቅ ነጣ ብሎ ይገኛል። ይህን ለመሸፈን ጠርዙን በሻይ ወይም በቡና የሚያጠይሙ አሉ፤ ያኔ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቃጫው ዘልቆ ከተፈጥሮው ጥየማ የተለየ ሥርጭት ያሳያል። የፋብሪካ ቢላ ጠርዙን በአንድ ወገን በጥቂቱ ያጎብጠዋል፤ ምላጭ ግን ድፍን፣ ሹል፣ አንዳንዴም ሞገድ ያለው መስመር ይተዋል። ፊቱ በጭረት ተሞልቶ ማዕዘኖቹ ብቻ መርፌ የሆኑ ካርድ ሁልጊዜ መጠርጠር አለበት፤ ወረቀት ከመሃሉ አስቀድሞ የሚያረጀው በማዕዘኑ ነውና።

ሁለተኛው ዘዴ እጥፋትን ማጥፋት ነው። ካርዱ በእርጥበት ከለሰለሰ በኋላ ይጫናል፤ ቃጫዎቹ ተዘርግተው ይደርቃሉ። ሆኖም የተሰበረ ቃጫ ተመልሶ አይገጥምም። የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ መስመሩ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፣ ያውም በታሸገው ፕላስቲክ ውስጥ። ረጥቦ የተጫነ ወረቀት በጥቂቱ የመስፋት ባሕርይም አለው፤ ይህ ለከርካሚው ተጨማሪ የሚቆረጥ ጠርዝ ይሰጠዋል። ሁለቱ ሥራዎች አብረው የሚታዩትም ስለዚህ ነው።

የቀረው ቀለምን ይመለከታል፦ የተፋቀ ክፈፍን በእስክሪብቶ ወይም በቀጭን ብሩሽ መንካት፣ ቆሻሻን በኬሚካል ማንጣት፣ የጎደለ ማዕዘንን በሌላ ወረቀት ሊጥ መሥራት። እነዚህ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር በቀላሉ ይጋለጣሉ። ወረቀትን የሚያነጡ ብርሃን አንጸባራቂ ኬሚካሎች በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በመሆኑ በ1910 የታተመ ካርድ በዚያ ብርሃን ደብዛዛ ሆኖ መታየት አለበት። አንዱ ማዕዘኑ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ከኋላ የተጨመረ ነገር አለ።

ሁሉም ንክኪ ግን እኩል አይደለም። ከአልበም የቀረ ሙጫን በንጹሕ ውሃ ማስለቀቅን ወይም ከማስቲካ ማሸጊያ የተላለፈን ሰም በናይሎን ጨርቅ ማበስን ብዙ ሰብሳቢዎች እንደ ነውር አይቆጥሩትም። የባዕድ ነገር መነሳት ከካርዱ አካል መቀነስ ወይም መጨመር ይለያል ይላሉ። ክርክሩ የሚከረው በመሃል ባሉት ላይ፣ ማለትም በመጫንና በማጽጃ ፈሳሽ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ የማያከራክረው ግን የተሠራውን እያወቁ አለመናገር ነው።

በፒኤስኤ የመጀመሪያውን ቁጥር ያገኘው ካርድ

ለዚህ ሁሉ ዋናው ማስረጃ የቀድሞው የቤዝቦል ተጫዋች የሆነስ ዋግነር አንድ ቲ206 ካርድ ነው። ቢል ማስትሮ የተባለ ነጋዴ በ1985 በ25,000 ዶላር ገዝቶ በ1987 በ110,000 ሸጠው። በ1991 በሶዝቢስ ጨረታ የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪና የክለቡ ባለቤት ብሩስ ማክኖል 451,000 ዶላር ከፈሉበት። አዲስ የተቋቋመው ፒኤስኤ የመጀመሪያውን የምስክር ቁጥር ከደረጃ 8 ጋር ሰጠው፤ ለድርጅቱም ትልቅ ማስታወቂያ ሆነው። በ1996 በክሪስቲስ 640,500፣ በ2000 ደግሞ 1.265 ሚሊዮን አወጣ። በ2007 ሁለት ጊዜ ተሸጦ በመጨረሻ 2.8 ሚሊዮን ደረሰ።

ማዕዘኖቹ ለዕድሜው ከመጠን በላይ ጥሩ ናቸው የሚል ሐሜት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አልተለየውም። ማስትሮ በኢሊኖይ የራሱን ጨረታ ቤት መሥርቶ በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ አድርጎት ነበር፤ ቤቱ በ2009 ተዘጋ። ማስትሮ በ2012 በቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተከስሶ በ2013 በፖስታ በተፈጸመ ማጭበርበር ጥፋተኛነቱን ሲያምን የዋግነሩን ካርድ ጎኖች ቆርጦ ይህን ሳይናገር መሸጡንም አመነ። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። ካርዱ ግን ከዚያ ሁሉ በኋላም ያው 8 ቁጥር በተለጠፈበት እሽግ ውስጥ ቆየ።

ሐሜቱ ለሁለት አሥርት ዓመታት በአደባባይ እየተሰማ ካርዱ በሶዝቢስም በክሪስቲስም አለፈ። በጨረታ ያጫረቱት ሁሉ ያውቁ ነበር ማለት አይደለም። እንዲያጣሩ የሚገፋቸው ነገር ግን አልነበረም።

ገንዘቡ በየት በኩል ይሄዳል

ጨረታ ቤት ከሁለት ወገን ይቀበላል። ከሻጩ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ከገዢው ደግሞ መዶሻው በወደቀበት ዋጋ ላይ የሚታሰብ፣ በዘርፉ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ የሚሆን ጭማሪ ክፍያ ይቀበላል። ለምሳሌ ያህል ካርዱ በ10,000 ዶላር ቢሸጥ፣ የሻጩ ኮሚሽን 5 በመቶ ከሆነ፣ ቤቱ 500 እና 2,000፣ በድምሩ 2,500 ዶላር ያገኛል። ያው ካርድ «ተከርክሟል» ተብሎ ቢቀርብና 800 ዶላር ብቻ ቢያወጣ ድርሻው ወደ 200 ይወርዳል። አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር 2,300 ዶላር ታስከፍለዋለች፤ በዚያ ላይ የተቆጣው ሻጭ ቀጣይ ዕቃዎቹን ወደ ተወዳዳሪ ይወስዳል።

ለውድ ካርዶች አንዳንድ ቤቶች ለሻጩ ከጨረታው በፊት ቅድሚያ ገንዘብ ያበድራሉ። ያኔ አጫራቹ አበዳሪም ነው፤ ካርዱ በዝቅተኛ ዋጋ ከተሸጠ የራሱ ብድር አደጋ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ መዳቢውም ነጻ አይደለም። ፒኤስኤን ጨምሮ ክፍያቸው ከካርዱ የገበያ ዋጋ ጋር ከፍ የሚልባቸው አሉ፤ ከፍተኛ ቁጥር ከፍተኛ ክፍያ ያመጣል። ከ2021 እስከ 2024 ደግሞ የፒኤስኤ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጎልዲን የተባለውን ጨረታ ቤትም በባለቤትነት ይዞ ነበር፤ በኋላ ለኢቤይ ሸጦታል። በዚያ ወቅት በጨረታ ቤቱ ጥፋት ተፈጸመ ለማለት አይደለም። ቁጥሩን የሚሰጠውና በቁጥሩ የሚሸጠው በአንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው ግን በራሱ የጥቅም ግጭት ነው።

የሌለ ተጫራች

ከካርድ ማስተካከል ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኝ ሌላ ጥፋት አለ፤ ሺል ቢዲንግ ይባላል። ሻጩ ወይም ቤቱ ራሱ፣ በስውር ስም ወይም በወዳጅ በኩል፣ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ዋጋ ማናር ነው። ማስትሮ ካመነው ወንጀል አንዱ ይህ ነበር። ጉዳቱ ከአንድ ጨረታ ያልፋል፤ በውሸት የናረው ዋጋ በመዝገብ ገብቶ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ካርድ መነሻ ይሆናልና።

ከዚህ መለየት ያለበት ሪዘርቭ ነው፤ ሻጩ ከዚህ በታች አልሸጥም ብሎ ከቤቱ ጋር የተስማማበት ዋጋ ማለት ነው። አጫራቹ እስከዚያ ዋጋ ድረስ በሻጩ ስም ዋጋ ሊጠራ ይችላል፤ ግን አስቀድሞ መገለጽ አለበት። አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የንግድ ሕግ በአንቀጽ 2-328 እንደሚለው፣ አጫራቹ ሳያስታውቅ እያወቀ የሻጩን ዋጋ ከተቀበለ ገዢው ሽያጩን መሰረዝ፣ ወይም ዕቃውን ከዚያ በፊት በቅን ልቦና በቀረበው የመጨረሻ ዋጋ መውሰድ ይችላል። መብቱ ጠንካራ ነው፤ ማስረጃው ማለትም የተጫራቾች ዝርዝር ግን ያለው በቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

እሽጉ የማይናገረው

ታሽጎ የመጣ ካርድ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ በዚያን ቀን የመረመሩት ባለሙያዎች የለውጥ ምልክት አላገኙም። መርማሪው ለአንድ ካርድ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በመጋቢት 2021 ፒኤስኤ የተከመረበትን ለማጽዳት አብዛኛውን አገልግሎቱን እስከ ማቋረጥ ደርሷል። ደግሞም ሙከራው አንድ ጊዜ አይደለም። እምቢ የተባለ ካርድ እንደገና ሊላክ ይችላል፤ አስተካካዩ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ማለፍ ብቻ ነው።

በ2019 ሰብሳቢዎች በራሳቸው ጊዜ የቀድሞና የኋላ የጨረታ ፎቶዎችን ሲያመሳክሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካርዶች በሁለቱ ሽያጮች መካከል ተለውጠው አገኙ፤ በዝቅተኛ ቁጥር ተገዝተው፣ ከእሽጉ ወጥተው፣ ተስተካክለው፣ በከፍተኛ ቁጥር ተመልሰው ነበር። የኤፍቢአይ ምርመራ መጀመሩም ያኔ ተዘገበ። ዘዴው የጣት አሻራ ከማመሳከር አይለይም። እያንዳንዱ ካርድ ሲታተም የቀለም ነጥብ፣ የአቧራ ክብ፣ የወረቀት ቃጫ ይቀርበታል፤ ክፈፉ ሲቆረጥ እነዚህ ከቦታቸው አይነሱም። ከአንዱ ነጥብ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በሁለቱ ፎቶዎች ከተለያየ ተቆርጧል። የፒኤስኤ ባለቤት በ2021 ጄናሚንት የተባለውን የካርድ ምስል ቴክኖሎጂ ኩባንያ የገዛው ይህንኑ ሥራ በማሽን ለመሥራት ነው።

ጨረታ ቤቶች የሚሰጡት መልስ ግልጽ ነው። እኛ የወረቀት ባለሙያ አይደለንም፤ የገለልተኛ ድርጅት አስተያየት አቅርበናል፤ በጨረታ ውላችንም «ባለበት ሁኔታ» ይሸጣል ብለናል። በየዕለቱ ብዙ ሺህ ካርድ የሚያስተናግድ ቤት እያንዳንዱን በማጉያ ይመርምር ማለት ከባድ መሆኑም እውነት ነው። ግን ማንም ያንን አልጠየቀም። ቤቱ የራሱን የቀድሞ ሽያጮች ፎቶ ይዟል፤ ካርዱን ያመጣው ሰው ከስድስት ወር በፊት ያንኑ ካርድ ከእሱው በ6 ደረጃ ገዝቶ አሁን በ8 እንዳመጣው ከመዝገቡ ማየት ይችላል። ይህን ገዢው ሊያውቅ አይችልም፤ ደረጃ መዳቢውም ላያውቅ ይችላል። «አናውቅም» ማለት የሚያስኬደው ማወቂያውን ላልያዘ ነው።

ሌላው መቃወሚያ የበለጠ ያሳስባል። ለውጡ ሲገለጽ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከርካሚው ሳይሆን በቅንነት የገዛው የአሁኑ ባለቤት ነው። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ሆኖም ዝምታው ኪሳራውን ወደሚቀጥለው ቅን ገዢ ከማሻገር በቀር አያጠፋውም። ለተለወጠ ካርድ ገበያ አይኖርም የሚለው ስጋትም ልክ አይደለም። በኮሚክ መጽሔቶች ዘርፍ ሲጂሲ የታደሰውን በሐምራዊ መለያ ለይቶ ሲያሽግ ኖሯል፤ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል፣ ግን ይሸጣል። ለካርድም «እውነተኛ፣ የተለወጠ» የሚል መለያ አለ። ብርቅ ካርድ ተቆርጦም ፈላጊ አያጣም።

ገዢው ከመክፈሉ በፊትና በኋላ

በእሽጉ ላይ ባለው ቁጥር የድርጅቱን መዝገብ ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ይህ ግን እሽጉን እንጂ የካርዱን ታሪክ አያሳይም። ለታሪኩ የዚያኑ ካርድ የቀድሞ ሽያጮች በፎቶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከአንድና ሁለት ደረጃ በታች የተሸጡትን። ሁለት ሦስት የማይለወጡ የኅትመት ነጥቦች ተመርጠው ይመሳከራሉ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አንድ ሚሊሜትር 23.6 ፒክሰል ገደማ ስለሆነ የግማሽ ሚሊሜትር ቆረጣ 12 ፒክሰል ያህል ይሆናል፤ በግልጽ ይታያል። ከፕላስቲኩ ውፍረት የተነሳ ጠርዙ በጥቂቱ ሊዛባ ስለሚችል ፎቶዎቹን በካርዱ ውጫዊ ስፋት ሳይሆን በሁለት የኅትመት ነጥቦች መካከል ባለው ርቀት ማስተካከል ይገባል። በካርዱ ስፋት ያስተካከለ ሰው የሚፈልገውን ልዩነት ራሱ ያጠፋዋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በጨረታው ውል ውስጥ ሦስት ነገር ይታያል፦ ቤቱና ሠራተኞቹ መጫረት ይችሉ እንደሆነ፣ የታሸገ ካርድ መመለስ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ። በትልልቆቹ የሥነ ጥበብ ጨረታ ቤቶች የተለመደው የ5 ዓመት ዋስትና የሚሸፍነው የዕቃውን ማንነት እንጂ ሁኔታውን አይደለም፤ በካርድ ላይ ዋጋው ያለው ደግሞ ሁኔታው ላይ ነው።

ከተገዛ በኋላ ጥርጣሬ ቢነሳ እሽጉን መስበር አይገባም፤ የደረጃ መዳቢው ዋስትና የሚሠራው ካርዱ እሽጉ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። የሽያጩ ገጽ፣ ገለጻውና ፎቶዎቹ ወዲያውኑ ይቀመጡ፤ ገጾች ይነሳሉ። ቅሬታው ለቤቱም ለደረጃ መዳቢውም በጽሑፍ፣ ከተመሳከሩት ፎቶዎች ጋር ይቅረብ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሽያጭ ውል ጥሰት ለመክሰስ የተሰጠው ጊዜ 4 ዓመት ሲሆን፣ መቆጠር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ገዢው ጉድለቱን ካወቀበት ሳይሆን ካርዱ ከተረከበበት ቀን ነው።